ካሴቱ ያው ነው፣ ጥያቄው ግን ሌላ

ከወባ ፈጣን መመርመሪያ ኪት ጋር ቁርጥ አንድ የሚመስል ካሴት አሁን ለልብ፣ ለፕሮስቴት፣ ለጨጓራ፣ ለምኑም እየመጣ ነው። ነጭ ፕላስቲክ፣ ደም የሚንጠባጠብበት ትንሽ ጉድጓድ፣ «ሲ» እና «ቲ» የሚሉ ሁለት ፊደሎች። መልኩ አንድ ስለሆነ ንባቡም አንድ ይመስላል። አይደለም። ይህን የምጽፈው በጤና ጣቢያና በትንንሽ ክሊኒኮች ላብ ውስጥ ብቻቸውን ለሚሠሩ ልጆች ነው። ታካሚም ቢያነበው አይከፋም። ውጤቱን ሲቀበል ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ያውቅበታል።

እኔ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ታካሚው ሁሉ «ሲስተር» ይለኛል፣ ማረሙን ከተውኩ ቆይቻለሁ። የተማርኩት ደብረ ብርሃን፣ አሥራት ወልደየስ ካምፓስ ነው። መጀመሪያ የተመደብኩት ቆላው ላይ፣ ሸዋ ሮቢት አካባቢ ነበር። በኋላ ወደ ደጋው ወጣሁ። ሰሜን ሸዋን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲና ቁልቁል የወረደ መንገደኛ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጋቢውን አውልቆ ላቡን ይጠርጋል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ነው። በሽታው ይለያያል፣ ኪቱ የሚቀመጥበት ሙቀት ይለያያል። ያው አንድ ኪት በሁለቱ ቦታ ሁለት ጠባይ ያሳያል።

እስቲ በመጀመሪያ ካሴቱ ውስጥ ያለውን እንይ። ጊዜው ያለፈበት ኪት ካላችሁ ፕላስቲኩን ፈልቅቃችሁ ክፈቱት፣ ከማንኛውም ሥልጠና በላይ ያስተምራል። ውስጡ ስስ ነጭ ወረቀት የመሰለ ነገር አለ። ናይትሮሴሉሎስ ነው። ደሙና ባፈሩ (ከኪቱ ጋር የሚመጣው ፈሳሽ) በእሱ ላይ ይሳባሉ፣ ጋዝ በኩራዝ ክር እንደሚሳበው። መንገድ ላይ ቀለም የተሸከመ አንቲቦዲ፣ ማለትም አንድን ነገር ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን፣ ይጠብቃቸዋል። ቀለሙ ብዙውን ጊዜ በዓይን የማይታዩ የወርቅ ቅንጣቶች ናቸው፣ ያ ቀላ ያለ ሐምራዊ መስመር የሚመጣው ከዚያ ነው። የምንፈልገው ነገር ደሙ ውስጥ ካለ ባለቀለሙ አንቲቦዲ ይይዘዋል። ተያይዘው «ቲ» ጋ ሲደርሱ እዚያ የተቀባው ሌላ አንቲቦዲ ያስቀራቸዋል። መስመር ወጣ ማለት ይህ ነው። የተረፈው ቀለም አልፎ ሄዶ «ሲ» ላይ ይያዛል።

እንግዲህ ወረቀቱም ወርቁም ፕላስቲኩም ስለ ወባ የሚያውቁት ነገር የለም። ወባን የሚያውቀው የተቀባው አንቲቦዲ ብቻ ነው። እሱን ቀይሮ ሌላ የቀባ ሰው ሌላ ምርመራ ሠራ። ይህ ዘዴ በሰፊው ወደ ሰው ቤት የገባውም በተላላፊ በሽታ አልነበረም፣ በእርግዝና ነበር። ክሊርብሉ የሚባለው በአንድ እርምጃ የሚሠራ የቤት ውስጥ የእርግዝና ምርመራ ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ወባና ሌሎቹ ስትሪፖች (እንዲህ ያሉ የወረቀት ምርመራዎች) በኋላ ተከተሉ። ስለዚህ «የተላላፊ በሽታ ኪት ለሌላ በሽታ ዋለ» ሲባል ብዙም አልገረምም። ወደ ወጣበት ቤት እየተመለሰ ነው።

ነገሩ የሚወሳሰበው ግን እዚህ ላይ ነው። የወባ ኪት «አለ ወይስ የለም?» ብሎ ይጠይቃል። የሚፈልገው ኤችአርፒ2 ወይም ፒኤልዲኤች የሚባለውን የጥገኛውን ፕሮቲን ነው። ወባ ነክቶት የማያውቅ ሰው ደም ውስጥ ይህ ፕሮቲን ምንም ሥራ የለውም። ለዚህ ነው «ደብዛዛም ቢሆን መስመር መስመር ነው» ተብለን የተማርነው። ትሮፖኒን ግን የራሳችን የልብ ጡንቻ ፕሮቲን ነው። ፒኤስኤ የማንኛውም ወንድ ፕሮስቴት የሚያመነጨው ፕሮቲን ነው። ሰውነት ሲቆጣ የሚጨምረውን ሲአርፒን ጉበታችን ይሠራዋል። ከሁላችንም ደም ውስጥ ጥቂት ጥቂት አይጠፋም። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ስንት ነው? ከመቼ ጀምሮ? እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ?» ነው። ካሴቱ ግን አሁንም የሚያውቀው መልስ አዎ ወይም አይደለም ብቻ ነው። አምራቹ የሆነ ቦታ ላይ ገደብ ቆርጧል፣ ከዚያ በላይ የሆነው ፖዘቲቭ ይባላል። ገደቡ መመሪያው ላይ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። እሱን ሳታነቡ ውጤት አትጻፉ።

የትሮፖኒን ነገር ይህን በደንብ ያሳያል። ደጋ ላይ ስሠራ አንድ ጠዋት ደረታቸውን የያዙ አባት በልጃቸው ተደግፈው መጡ። ፊታቸውን ላብ አጥምቆታል፣ ውጭ ደግሞ ውርጭ ነው። ትሮፖኒን ታዘዘ። ደም ስወስድ ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ መቼ ነው የጀመረዎት?»

«ከብቱን ላወጣ ስል ነው ልጄ። እዚህች ላይ ተጫነኝ። ወደ ግራ ክንዴም ወረደ።»

ከብት የሚወጣው ጎህ ሲቀድ ነው። በዚያን ጊዜ ሰዓቱ ገና ሁለት አልሞላም። ኪቱ ነጌቲቭ አለ። ተረኛው ባለሙያ ውጤቱን አይቶ «እሰይ፣ እንግዲያው ጨጓራ ነው» ብሎ እስክሪብቶ አነሳ። «ቆይ፣ ገና ሁለት ሰዓት እንኳ አልሆናቸውም» አልኩት። የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ትሮፖኒን ወዲያው ደም ውስጥ አይሞላም። በእንዲህ ያለው ስትሪፕ ከገደቡ በላይ ሆኖ ለመታየት ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ይፈልጋል። ባለሙያው ግትር ሰው አልነበረም። አስፕሪን ሰጣቸው፣ አምቡላንስ ተጠራ። አምቡላንሱ እንደ ልማዱ ዘገየ፣ እኔም ደግሜ ደም ወሰድኩ። ሁለተኛው ካሴት ላይ መስመሩ ወጣ። ኪቱ አንድ፣ ሰውየው አንድ፣ ልዩነቱ ሰዓት ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ የትሮፖኒን ማዘዣ ወረቀት ላይ «ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት» የሚል ቦታ በእጄ ማስመር ጀመርኩ። ገበሬ ሰዓት አያስርም ብላችሁ አትተዉት። «ከብት ስታወጡ ነው ወይስ ከብት ስትመልሱ? ቅዳሴ ሲወጣ?» ብትሉ ከሰዓት የማይተናነስ መልስ ታገኛላችሁ። ውጤቱንም «ነጌቲቭ» ብቻ ብዬ አልጽፍም። «ሕመሙ ከጀመረ በ2 ሰዓት የተወሰደ፣ ነጌቲቭ፣ ይደገም» እላለሁ። በተቃራኒውም አስቡት። ትሮፖኒን አንዴ ከወጣ ከሳምንት በላይ ሊቆይ ይችላል። ዛሬ የታየው መስመር ያለፈው ሳምንት ሕመም ሊሆን ይችላል። ኩላሊቱ የደከመ ሰውም ከፍ ሊልበት ይችላል። ደግሞ አንድ ነገር፦ ምልክቱ የልብ ከመሰለ ስትሪፑን እየጠበቃችሁ ሪፈር አታዘግዩ። በእኛ አገር መንገድ፣ የጠፋ ሰዓት ተመልሶ አይገኝም።

ፒኤስኤ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ከጎረቤቶቻችን አንዱ፣ ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ ከአንድ የግል ክሊኒክ ወረቀት ይዘው መጡ። «ፒኤስኤ ፖዘቲቭ» ይላል። ቁጥር የለ፣ ማብራሪያ የለ። «ካንሰር ነው ብለውኛል» አሉኝ። ለሕክምና አዲስ አበባ ሊሄዱ በሬያቸውን ለመሸጥ ገዢ አነጋግረዋል። ስጠይቃቸው ሽንት አልወጣ ብሏቸው ከቀናት በፊት ካቴተር (የሽንት ማውጫ ቱቦ) ገብቶላቸው ነበር። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ነበረባቸው። ሁለቱም ፒኤስኤን ያንራሉ። በዕድሜ የሚመጣ፣ ካንሰር ያልሆነ የፕሮስቴት ማደግም ያንረዋል። ስትሪፑ የሚነግረን በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 4 ናኖግራም ከሚሆነው የተለመደ ገደብ ማለፉን ብቻ ነው። 4.5 ይሁን 90 አይለይም። «ጋሼ፣ በሬው ይቆይ። መጀመሪያ ኢንፌክሽኑ ይታከም፣ ከሳምንታት በኋላ ሆስፒታል ሄደው በቁጥር ያስለኩ» አልኳቸው። ተለካ፣ ወርዶ ተገኘ። ካንሰር ቢሆንም ኖሮ የሚረጋገጠው በሐኪም ምርመራና ከፕሮስቴቱ በሚወሰድ ናሙና ነው። በካሴት ካንሰር ተብሎ አይነገርም። ይህን የሚያደርጉ ሰዎች ያናድዱኛል።

አሁን ወደ ሌላ ዓይነት አጠቃቀም ልለፍ። እዚህ ኪቱ ላይ የተነካ ነገር የለም። የተላላፊ በሽታ ኪት እንደሆነ ይቀራል፣ ነጌቲቭ ውጤቱ ግን ሌላ በሽታ ለመለየት ያገለግላል።

በደጋው የገበያ ቀን ላይ እግራቸው ያበጠ ሰዎች ማየት ብርቅ አይደለም። ብዙዎቹ ደግሞ ጭራሽ ወደ ገበያ አይወጡም። አንዲት እናት አስታውሳለሁ፣ ቀሚሳቸውን እስከ መሬት አስረዝመው ለብሰው ነበር። እግራቸውን ለማሳየት ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። «ለቅሶ ቤት መሄድ ትቻለሁ። ቤተ ክርስቲያንም ከደጅ ነው የምስመው። ዘር ነው እያሉ ልጄን የሚያገባት ጠፋ» አሉኝ። ከዚያ በፊት የሄዱበት ቦታ ሁሉ ደም እየተወሰደ «ምንም የለም» ተብለው ተመልሰዋል።

እግር የሚያሳብጥ ዝሆኔ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ በትንኝ የሚተላለፍ ክር መሰል ትል ነው። በሀገራችን በዋናነት የሚታወቀው እንደ ጋምቤላ ባሉ የምዕራብ ቆላዎች ነው። ሌላው ፖዶኮኒዮሲስ፣ ባጭሩ ፖዶ፣ ነው። ጀርም የለውም፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በወጣ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ሲሄዱ፣ የአፈሩ ደቃቅ ቅንጣቶች በቆዳ ገብተው ትርፍ ፈሳሽ ከእግር የሚያነሱትን የሊምፍ ቧንቧዎች ይጎዳሉ። በቤተሰብ የመጋለጥ ዝንባሌ እንዳለው በጥናት ታውቋል። ነገር ግን ያለ አፈሩ በሽታው አይመጣም። የተጋለጠ ልጅ ከሕፃንነቱ ጫማ ካደረገ ይድናል።

ፖዶን በቀጥታ የሚያሳይ የደም ምርመራ የለም። እዚህ ላይ ነው የትሉ ስትሪፕ የሚገባው። ትሉ ደም ውስጥ የሚለቀውን ነገር (አንቲጂን) ይፈልጋል፣ 75 ማይክሮ ሊትር ደም ይወስዳል፣ በ10 ደቂቃ ይነበባል። እ.ኤ.አ. በ2013 በሀገር አቀፍ ደረጃ የፖዶ ካርታ ሲሠራ በእንዲህ ያለው ፈጣን ካርድ ነው ያበጠ እግር ያላቸውን ሰዎች ከትሉ በሽታ የለዩት። እኔ ያገኘሁት ለዳሰሳ የመጡ ባለሙያዎች ይዘውት ሲመጡ ነው። የእኚያ እናት ውጤት ነጌቲቭ ሆነ። በዚህ ጊዜ ነጌቲቩ የምርመራው ማለቂያ አይደለም፣ መጀመሪያው ነው። እብጠቱ ከእግር ጣት ጀምሮ ወደ ላይ ወጥቷል። ሁለቱንም እግር ይዟል፣ እኩል ግን አይደለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በባዶ እግር አርሰዋል፣ አርመዋል። ቆላ ኖረው አያውቁም። ይህ ሁሉ ከነጌቲቩ ጋር ተደምሮ ነው «ፖዶ» የሚያሰኘው።

ብቻውን ግን አያሰኝም። በትሉ የታመመ ሰውም እግሩ ካበጠ ከዓመታት በኋላ ትሎቹ ሞተው አንቲጂኑ ከደሙ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ለፍቶ አዳሪ ሆኖ ምዕራብ ቆላ የኖረ ሰው ከሆነ ስትሪፑ ነጌቲቭ ስላለ ብቻ ወደ ፖዶ አትሩጡ። ታሪኩን ጠይቁ። ቦታውን፣ ሥራውን፣ ጫማውን።

እኚያ እናት የተሰጣቸው ሕክምና በየቤታችን የሚገኝ ነገር ነው። እግርን በየቀኑ በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ በጣቶቹ መሐል ሳይቀር ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ካልሲና ጫማ። እብጠቱ ቀነሰ፣ ሽታው ጠፋ። ለዓመታት «ምንም የለም» ያሰኛቸው ያው ነጌቲቭ የሚባለው ነገር ነበር። አንድ ጀርም አልተገኘም ማለት በሽታ የለም ማለት የሚመስለው ባለሙያ ብዙ ነው።

የአንዱን በሽታ ምርመራ ለሌላው ማዋል አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሁላችንም ላብ ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ አንድ አለ። ቫይል እና ፌሊክስ የተባሉ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1916 የታይፈስ ሕመምተኞች ደም ፕሮቲየስ የተባለ ሌላ ባክቴሪያን እንደሚያጓጉል አሳወቁ። ፕሮቲየስ ታይፈስን አያመጣም። የታይፈስ ጀርምና የፕሮቲየስ ገጽታ በከፊል ስለሚመሳሰል ለአንዱ የተሠራ አንቲቦዲ ሌላውንም ይይዛል፣ ያ ነው። በጊዜው ትልቅ ነገር ነበር። ዛሬ ግን እኛ ጋ ትኩሳት ያለበት ሰው ሁሉ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብሎ ከሚወጣበት ምክንያት አንዱ ይኸው ነው። የሽንት ኢንፌክሽን ያለበት ሰው ፕሮቲየስ ሊኖርበት ይችላል፣ ምርመራውም ያጓጉላል። ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ ምርመራም ከዚህ አይሻልም። ቀድሞ የታመመ፣ የተከተበ፣ ሌላ ሳልሞኔላ የነካው ሰው ሁሉ ሊያሳይ ይችላል። በአንድ ጠብታ ስላይድ ላይ ብቻ አንቲባዮቲክ የሚያስጀምር ውጤት መስጠት እኔ አቁሜያለሁ። ናሙናውን በቲዩብ ደረጃ በደረጃ እያቀጠንኩ እስከ የትኛው ድረስ እንዳጓጎለ እጽፋለሁ። ግርሻ ከተጠረጠረ ደግሞ የደም ስላይድ ቀብታችሁ በማይክሮስኮፕ እዩት፣ ጠመዝማዛውን ተሐዋሲ በዓይናችሁ ታገኙታላችሁ።

ቆላውን አልረሳሁትም። ሸዋ ሮቢት ላይ ቫይቫክስ ወባ ብዙ ነው። ይህ ወባ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ ይመለሳል። የተኛውን የሚያጸዳው ፕሪማኩዊን የሚባለው መድኃኒት ነው፣ ግን ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም የጎደለው ሰው ሲወስደው ቀይ የደም ሕዋሱ ይፈነዳበታል። ይህ ጉድለት በውርስ የሚመጣ እንጂ ኢንፌክሽን አይደለም። እሱን ለማወቅ የወባ ኪት የመሰለ ካሴት ተሠራለት። ከጣት ጠብታ ደም፣ ባፈር፣ ጥቂት ደቂቃ። አሁንም «አዎ ወይም አይ» ችግር ፈጠረ። ወንዶች ላይ ነገሩ ግልጽ ነው፣ ዘረ መሉ ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሆነ ወይ አላቸው ወይ የላቸውም። ሴቶች ግን ሁለት ኤክስ ስላላቸው መሐል ላይ የሚቀሩ አሉ። ካሴቱ «ደኅና» ሊላቸው ይችላል። ለዚህ ነው መጠኑን በቁጥር የሚሰጡ፣ ከሄሞግሎቢን (ኦክስጅን ከሚሸከመው የደም ፕሮቲን) ጋር አነጻጽረው የሚያሰሉ ትንንሽ መሣሪያዎች የመጡት። ካሴት ብቻ ያላችሁ ግን መድኃኒቱን ለጀመረች ሴት «ሽንትሽ እንደ ኮካ ከጠቆረ፣ ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ አቁመሽ ነይ» ማለትን አትርሱ።

ቁጥር የሚሰጥ መሣሪያም ቢሆን ከፍታን አያውቅም። በጣት ጠብታ ሄሞግሎቢን የሚለካውን ትንሽ ማሽን አስቡት። ደብረ ብርሃን ላይ የምትኖር እርጉዝ ያልሆነች ሴት በዴሲ ሊትር 12.5 ግራም ብታሳይ፣ በወረቀቱ ላይ ባለው 12 ገደብ ደኅና ናት። ነገር ግን አየሩ ስስ ስለሆነ የደጋ ሰው ሄሞግሎቢን ቀድሞውንም ከፍ ያለ መሆን አለበት። በዚህ ከፍታ ከተለካው ላይ ከ1 ግራም በላይ ይቀነሳል። ያን ጊዜ ደም ማነስ አለባት ማለት ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ የሚቀነሰው በጣም ያነሰ ነው። ከቆላ ወደ ደጋ ስዛወር መጀመሪያ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት የዚህን ሠንጠረዥ ነው።

ስለ ሙቀትና ቅዝቃዜ ጥቂት ልበል። ብዙ ኪቶች ከ30 ዲግሪ በላይ አይወዱም፣ አንዳንዶቹ እስከ 40 ይችላሉ፣ ካርቶኑን እዩ። ግንቦት ላይ በቆላ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ካርቶን ምን ያህል እንደሚሞቅ መገመት ቀላል ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው «ሲ» መስመር ላይ ነው። «ሲ ወጥቷል፣ ኪቱ ደኅና ነው» ይባላል። «ሲ» የሚነግራችሁ ፈሳሹ እስከ መጨረሻው መሄዱንና ቀለሙ መኖሩን ነው። «ቲ» ላይ ያለው አንቲቦዲ በሙቀት ተበላሽቶ «ሲ» ግን ደምቆ ሊወጣ ይችላል። ደጋው ላይ ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ኪቱ ራሱ በረዶ ነው። ቀዝቅዞ ሳለ ከተሠራ ፈሳሹ ይጎተታል፣ መስመሩ ይደበዝዛል። ለወባ ደብዛዛም ያው ፖዘቲቭ ነው። በገደብ ለሚሠራ ምርመራ ግን ውጤቱ ከገደቡ በላይ ይሁን በታች ሊያሳስታችሁ ይችላል። የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ጠብቁ። እሽጉን ደግሞ ቀድማችሁ አትክፈቱ፣ እርጥበት ያበላሸዋል።

ባፈርን የሚያህል ችግር ግን የለም። ሃያ አምስት ካሴት ያለው ካርቶን ውስጥ ባፈሩ ቀድሞ ያልቃል። ከዚያ የወባው ባፈር ለትሮፖኒኑ፣ ሳላይኑ (የጨው ውኃው) ለወባው፣ አንዳንዴም የቧንቧ ውኃ። ካሴቶቹ ወንድማማች ስለሚመስሉ ባፈራቸውም አንድ ይመስላል። አይደለም። የጨው መጠኑና አሲድነቱ ለዚያ አንቲቦዲ ተለክቶ የተሠራ ነው። በውኃ ወይም በሳላይን የተሠራ ኪት ምንም በሌለበት መስመር ሊያወጣ ይችላል። ባፈር ካለቀ ኪቱ አልቋል ብላችሁ መዝግቡ። ጠብታ በመቁጠር አትለግሱ፣ ያን ጊዜ ይበቃል።

አንቲቦዲው የሚያውቀው የተሠራለትን ብቻ መሆኑን ወባ ራሷ አስተምራናለች። በሀገራችን ኤችአርፒ2ን የሚሠራው ዘረ መል የጎደላቸው፣ ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ጥገኞች ተገኝተዋል። ጥገኛው ደም ውስጥ ሞልቶ ስትሪፑ ነጌቲቭ ይላል። ለዚህ ነው ፒኤልዲኤችን ወደሚፈልጉ ኪቶች መሄድ የተፈለገው። አዲስ ካርቶን ሲመጣ «ወባ ነው፣ አውቀዋለሁ» አትበሉ። ምን እንደሚፈልግ አንብቡ።

ስለ ትልልቆቹ ነገሮች ባጭሩ። ጂን ኤክስፐርትን፣ ዘረ መል እየፈለገ የሚመረምረውን ማሽን፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 የዓለም ጤና ድርጅት ለቲቢ ሲያጸድቀው ሰው ሁሉ «የቲቢ ማሽን» ብሎ ጠራው። ካርትሪጁ ሲቀየር ግን የኤችአይቪ መጠን፣ የማኅፀን በር ካንሰር የሚያመጣውን ኤችፒቪ፣ በኋላም ኮቪድን ለካ። የአንድ ዓይነት የደም ካንሰርን ዘረ መል በመጠን የሚለካ ካርትሪጅም አለው። ማሽኑ ካላችሁ ለአንድ ፕሮግራም ብቻ ታስሮ እንዳይቀመጥ ጠይቁ። የስኳር መለኪያዋም እንዲሁ፦ እ.ኤ.አ. በ2011 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የምንፈልገው ነገር ሲገኝ ስኳር የሚለቅ ኬሚስትሪ ሠርተው፣ በተራ ግሉኮሜትር ሌሎች ነገሮችን ለክተዋል። ቫይረስ ለመፈለግ የተሠራው፣ የተፈለገን ዘረ መል ለይቶ የሚያገኘው የክሪስፐር ምርመራም እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ ሥራ ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች ሽንት ውስጥ አካላቸው ኩላሊቱን እየገፋ መሆኑን የሚጠቁም ምልክት ለማየት ተሞክሯል። እነዚህ ሁለቱ የምርምር ቤት ነገሮች ናቸው፣ ነገ ወደ ጤና ጣቢያችን አይመጡም። ካሴቶቹ ግን መጥተዋል።

አዲስ ዓይነት ካሴት ሲመጣላችሁ ታካሚ ላይ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ወይም ማሽን ያለበት ሌላ ቦታ ያለ የክፍል ጓደኛችሁን ለምኑ። በማሽን ተለክተው ቁጥራቸው የታወቀ፣ የታካሚው ስም የተሰረዘባቸው ትርፍ ናሙናዎች ይስጣችሁ። ከገደቡ በጣም በታች የሆነ፣ በጣም በላይ የሆነ፣ በተለይ ደግሞ ገደቡ አካባቢ ያለ ይኑርበት። ቁጥሩን ሳታዩ በካሴቱ ሥሩት፣ ከዚያ አስተያዩ። ሁለታችሁ በተለያየ ሰዓት አንብቡት፣ ደብዛዛው ላይ አትስማሙም፣ ይታያችኋል። በጣም ከፍተኛ የሆነው ናሙና ላይ መስመሩ ደክሞ ከወጣ ናሙናውን አቅጥናችሁ ድገሙት። የሚፈለገው ነገር ከልክ በላይ ሲበዛ አንቲቦዲዎቹን ለየብቻ ይይዝና መስመሩን ያጠፋዋል። የደረሳችሁበትን በአማርኛ ግማሽ ገጽ ጻፉና ከኪቱ ካርቶን ጋር አስቀምጡት። ገደቡ ስንት እንደሆነ፣ በስንት ደቂቃ እንደሚነበብ፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደማይነበብ፣ ታካሚው ምን መጠየቅ እንዳለበት ይኑርበት። ሌሊት ተረኛ የሚሆነው ልጅ የእንግሊዝኛውን መመሪያ ዘርግቶ የሚያነብበት ጊዜ አይኖረውም።